ጎተራው ሞላ፤ ሕፃኑስ?

ከፈረስ ቤት ደጋ ተነስቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ መንገደኛ አገሩ ሲለዋወጥ በዓይኑ ያያል። ላይ ገብስና ድንች ነው፤ ወረድ ሲል ጤፍና ስንዴ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በቆሎ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬና ወምበርማ በየደጁ የተሰጣ በቆሎ ይታያል። አይሱዙው ኩንታሉን እየጫነ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። በመንግሥት ሪፖርት ላይ ምዕራብ ጎጃም ሁልጊዜም «ትርፍ አምራች» ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ሌላ ቁጥር አስቀመጠ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ደረሰ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። ትርፍ አምራች የሚባሉት ወረዳዎችም ከዚህ ጉድ ነጻ አይደሉም። መቀንጨር ደግሞ የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰውነቱ የሚፈልገውን ያጣ ልጅ ትምህርት ቤትም፣ ሥራም ላይ ያ ጉድለት ይከተለዋል።

የሞላ ጎተራና የቀነጨረ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይኖራሉ? መልሱ ብዙ ነው። ንጹሕ ውኃ አለ፣ የእናት የሥራ ጫና አለ፣ በሽታ አለ፣ ድህነት አለ። አንዱ መልስ ግን በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ነው የተቀበረው። የአገሪቱ የበቆሎ ታሪክ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የኩንታል ታሪክ ሆኖ ተጻፈ እንጂ የማዕድ ታሪክ ሆኖ አልተጻፈም።

የባሕር ማሽላ

በቆሎ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። የዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ የሜክሲኮ ገበሬዎች ከአንድ የዱር ሣር አላመዱት። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። አገሬው ሲያየው አገዳው የሚያውቀውን ማሽላ መሰለው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስለሰማም «የባሕር ማሽላ» አለው። ስሙ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው።

ለረጅም ዘመን በቆሎ የጓሮ እህል ሆኖ ቆየ። የዓመቱ እህል ባለቀበት፣ አዲሱም ባልደረሰበት በነሐሴና በመስከረም ቤተሰብን የሚያሻግር እሸት ነበር። ተጠብሶ፣ ተቀቅሎ ይበላል፤ የደረቀው ለንፍሮ፣ ለቂጣና ለጠላ ይሆናል። ዋናው ማሳ ግን የጤፍ፣ የዳጉሳና የገብስ ነበር።

ይህን የለወጠው ነገር ጎጃም ውስጥ አልተጀመረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ ኪታሌ የሚሠራ ማይክል ሃሪሰን የተባለ የበቆሎ ተመራማሪ ወደ ላቲን አሜሪካ ሄዶ ከዚያ አገር ገበሬዎች የተሰበሰቡ ዘሮችን ይዞ ተመለሰ። ከነዚህ አንዱ ከኢኳዶር ተራሮች የመጣ ነባር ዘር ነበር፤ በመዝገብ ስሙ «ኢኳዶር 573» ይባላል። የኢኳዶር ሰዎች ለብዙ ትውልድ በደጋ ብርድ መርጠው ያቆዩት ዘር ነው። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ከኪታሌው በቆሎ ጋር ሲያዳቅሉት ልጁ ሁለቱንም ወላጆቹን በሰፊ ልዩነት በለጠ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኬንያ ይህን ዲቃላ ለገበሬ አወጣች፤ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የበቆሎ ማሳ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም በባኮ የምርምር ማዕከል ይህንኑ የዘር ሐረግ ይዘው ሠሩ። የመጀመሪያው አገር ውስጥ የተዳቀለ በቆሎ ቢኤች 140 እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። በ1993 ደግሞ ቢኤች 660 ተከተለ። ከ660 ወላጆች አንዱ የዚያ የኢኳዶር ዘር ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ኖርማን ቦርሎግና ጂሚ ካርተር የሚመሩት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ ማሳ ለገበሬ አሳየ። መንግሥትም ከ1995 ጀምሮ አሠራሩን የራሱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው።

ውጤቱ የሚካድ አይደለም። የአገሪቱ የበቆሎ ምርታማነት በሃያ ዓመት ውስጥ በእጥፍ አደገ፤ በሄክታር ከ30 ኩንታል በላይ ደረሰ። በቆሎ በጠቅላላ ምርት ከእህል ሁሉ አንደኛ ሆነ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የዚህ ለውጥ ማሳያ ሆኑ። ዛሬ ቡሬ አጠገብ ላይ በቆሎ የሚኮተኩት ገበሬ የኢኳዶር ገበሬን የዘመናት ልፋት እየኮተኮተ እንደሆነ የነገረው የለም።

የኩንታል ሒሳብ ብቻውን እንደማያዋጣ ግን ቶሎ ታየ። በ1993 እና 1994 ዓ.ም በቆሎ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ማጨጃ እንኳን አላወጣም ብሎ ማሳው ላይ የተወውም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ድርቅ መጣና ሚሊዮኖች እርዳታ ጠበቁ። ያኔ የተማርነው የገበያን ጉዳይ ነው። የማዕዱን ጉዳይ ማንም አላነሳውም።

ልጥ የሌለው ቤት

የበቆሎ ፍሬ ሲፈጭ ከመቶው 9 ወይም 10 እጁ ፕሮቲን ነው። በወረቀት ሲታይ አይከፋም። ችግሩ ከዚህ ፕሮቲን ከግማሽ በላዩ ዜይን የሚባል ዓይነት መሆኑ ነው። ዜይን ደግሞ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች የሉትም ማለት ይቻላል። የሰው አካል እነዚህን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት።

የገጠር ቤት ሲሠራ ቋሚውም ማገሩም ሞልቶ የሚያስርበት ልጥ ካነሰ ግድግዳው ልጡ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ይቆማል። የተረፈው እንጨት ደጅ ይወድቃል። የሕፃን ሥጋና አጥንትም እንዲሁ ነው። በቆሎ ብቻ የበላ ልጅ ሆዱ ይሞላል፤ አካሉ ግን የሚያስርበት ያጣል።

የድሮው ማዕድ ይህን ጉድለት ሳይንሱን ሳያውቅ ይሞላ ነበር። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው። እንጀራ በሽሮ፣ የበቆሎ ንፍሮ ከባቄላ ጋር፣ ቆሎ ከሽምብራ ጋር የተጣመሩት ለጣዕም ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደግሞ ግብጦ አለ። ለሌላ እህል እምቢ ያለ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ምሬቱ በወራጅ ውኃ ለቀናት ተዘፍዝፎ ይወጣል፤ በፕሮቲን ብዛቱም ከአኩሪ አተር ጋር የሚወዳደር ነው። ዛሬ ግን ከአረቄ ጋር የሚቆረጠም የድሃ እህል ተደርጎ ይታያል።

በቆሎ በምርጥ ዘር ሲስፋፋ ማሳውን የወሰደው ከማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ጥማድ መሬት ያለው ሰው 660 ከዘራበት ባቄላው ይቀራል። ዕዳ ያለበት ሰው የሚሸጠውን እንጂ የሚበላውን አያስቀድምም። ከእናት ጡት ሌላ ምግብ የሚጀምር ሕፃን ደግሞ የሚቀርብለት ቀጭን ገንፎ፣ አጥሚት ወይም በውኃ የራሰ ቂጣ ነው። በርበሬ ያለበት ሽሮ አፉን ያቃጥለዋል ተብሎ ይከለከላል፤ ስለዚህ ጥምረቱ ለአዋቂው ደርሶ ለሕፃኑ ይቀራል።

ወተት በጉንጬ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ወሎ ይሻገራል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን በላይሲን መጠናቸው መረመሩ። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ሁለቱ ጎልተው ወጡ። ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ የገበሬ ዘሮች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ብለው መዘገቧቸው።

የወሎ ገበሬ ግን ቁጥር አያስፈልገውም ነበር። እንዲህ ላለው ማሽላ ከሰጣቸው ስሞች አንዱ «ወተት በጉንጬ» ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርቱም ያንሳል። ስለዚህ ማሳውን ሙሉ አይዘራበትም፤ ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ጥቂት አድርጎ ያበቅለዋል፤ በእሸቱ ጠብሶ ይበላዋል። ላቦራቶሪ ያልገባ ሰው፣ ላይሲን የሚባል ቃል ያልሰማ ሰው፣ ያንን ዘር በምርቱ ሳይሆን በአፉና በልጆቹ ገላ ለክቶ ለትውልድ አቆየው። ስሙንም በወተት ሰየመው።

የዚህ ግኝት ጽሑፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀች ነበር። የአንድ አገር ዘር በሩቅ ዩኒቨርሲቲ እንደ ብርቅ ሲጻፍለት የዘሩ ባለቤቶች በመንገድ ዳር ይረግፉ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ምፀት በግብርና ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ምፀት በጊዜው ያልታየውን አንድ ነገር ጠቁሞ አለፈ። ዘር ከማሳ ከጠፋ ተመልሶ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶክተር መላኩ ወረደ መሩት። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ገበሬው የዘር እህሉን ሊበላ ሲገደድ የማዕከሉ ባለሙያዎች ነባር ዘሮችን ከጥፋት ለማዳን ሮጡ። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ዛሬ ያ ማዕከል የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ወደ በቆሎው ሲመለስ

በቆሎውም የራሱ ወተት በጉንጬ ነበረው። እዚያው ፐርዱ ውስጥ ኤድዊን መርዝና ባልደረቦቹ በ1963 እና 1964 (እ.ኤ.አ.) «ኦፔክ 2» የሚባል የተለየ በቆሎ ላይሲኑና ትሪፕቶፋኑ ከተራው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አረጋገጡ። ይህን የበሉ የላቦራቶሪ አይጦች ተራ በቆሎ ከበሉት ከሦስት እጥፍ በላይ ክብደት ጨመሩ። ዓለም ጨበጨበ። ጭብጨባው ግን አልዘለቀም። ፍሬው እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር፣ ክብደቱ ያነሰ፣ ለነቀዝና ለሻጋታ የተጋለጠ ሆነ። ገበሬ አልፈለገውም፤ ገንዘብ ሰጪዎችም ዞር አሉ።

በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማዕከል፣ ሲሚት፣ ሁለት ሰዎች ብቻ አልተውትም። ህንዳዊው ሱሪንደር ቫሳል ዘር ያዳቅላል፤ ሜክሲኳዊቷ ኢቫንጀሊና ቪየጋስ በላቦራቶሪ ፍሬውን ትመረምራለች። ማዕከሉ በእጁ ከነበረው፣ ከላቲን አሜሪካ ገበሬዎች ዘር ከወጣ ሰፊ ክምችት ውስጥ ኦፔክ 2ን ይዘው ፍሬያቸው ግን የጠነከረ ዘሮችን እየለዩ፣ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ፍሬ በፍሬ እየመረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ለፉ። በመጨረሻ ፍሬው እንደ ተራ በቆሎ የጠነከረ፣ ፕሮቲኑ ግን የተሟላ በቆሎ ተገኘ። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኪውፒኤም ይባላል። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋሩ፤ ቪየጋስም ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ጋና በ1992 የራሷን ኪውፒኤም አውጥታ «ኦባታንፓ» አለችው፤ ጥሩ አጥቢ እናት ማለት ነው። ኢትዮጵያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቢኤችኪውፒ 542ን ከባኮ አወጣች፤ ጋቢሳ የሚል የኦሮምኛ ስም ሰጠችው። በምርቱ ግን ከ660 የሚበልጥ አልነበረም። ከዚያ በ2011 የ660ን ወላጆች ራሳቸውን ወደ ኪውፒኤም በመለወጥ ኤኤምኤች 760ኪው ተገኘ። በ2012 በካናዳ መንግሥት ድጋፍ ሲሚትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ኪውፒኤምን ለገበሬ የሚያደርስ ፕሮጀክት ጀመሩ። በሠርቶ ማሳያው ቂጣው ተጋገረ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ሰውም ቀምሶ ወደደው።

ፕሮጀክቱ ካለፈ በኋላ ግን በምዕራብ ጎጃም ገበያ ኪውፒኤም የሚባል እህል ለይቶ የሚሸጥም የሚገዛም ማግኘት ዘበት ነው።

ለምን አልደረሰም?

አንደኛው ምክንያት ጥራቱ በዓይን አለመታየቱ ነው። ነጩ ኪውፒኤም ከነጩ ተራ በቆሎ አይለይም። ነጋዴው የሚመዝነው ኪሎ ነው፤ ላይሲን የሚመዝን ሚዛን በቡሬ ገበያ የለም። ተመሳሳይ ዋጋ ለሚያገኝ እህል ገበሬው በኩንታል የሚበልጠውን ይመርጣል። ይህ አላዋቂነት አይደለም፤ ሒሳብ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት ነው። የኪውፒኤም ባሕርይ የሚገለጠው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። በቆሎ ደግሞ የሚጸዳደቀው በነፋስ ነው። ከአጠገቡ ተራ በቆሎ ከተዘራ ብናኙ መጥቶ በዚያው ዓመት ያፈራውን ፍሬ ተራ ያደርገዋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢዘራ በአምስት ጎረቤት መሐል ጥራቱ ይሟሟል።

ሦስተኛው ምክንያት ዲቃላ ዘር በየዓመቱ መገዛት ያለበት መሆኑ ነው። ዘሩና ማዳበሪያው በሰዓቱ ካልመጡ ምርጥ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ መውጣቱን፣ ከዚያም በኋላ ጦርነቱ መንገዱንና የልማት ሠራተኛውን እንዴት እንዳራቀ ሁሉም ያውቃል።

ኪውፒኤም ተአምር አለመሆኑም ሊሰወር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ በቆሎ ዋና ምግባቸው በሆነና በተጎዱ ሕፃናት ላይ የክብደት ዕድገትን ፍጥነት በ12 በመቶ፣ የቁመትን በ9 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ጥሩ ነው፤ መቀንጨርን ግን ብቻውን አያጠፋም። ስለዚህ አንዳንዶች «ለድሃ ልጅ የተሻለ በቆሎ ከመፈለግ እንቁላልና ወተት ስጡት» ይላሉ።

ክርክሩ ትክክል ይመስላል፤ የጎጃምን ቤት ግን አያውቅም። እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጨውና ጋዝ ይገዛበታል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጾም ባለበት ቤት ደግሞ ሕፃኑ ባይጾምም የቤቱ ዕቃ ይጾማል፤ እናት ድስቷን በፍስክ እንዳይነካባት ለልጁ ለብቻው ወተት ማፍላት ይከብዳታል። እንዲህ ባለ አገር ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኝ የተሟላ ፕሮቲን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የሚቀረው ሥራ

መውጫው ሩቅ አይደለም። ኩታ ገጠም እርሻ ዛሬ በየወረዳው ይሰበካል። ዓላማው ትራክተርና ግብዓት ለማዳረስ ነው ይባላል፤ የጎረቤት ብናኝን ችግር የሚፈታውም ግን እሱ ነው። የአንድ ጎጥ ገበሬዎች ማሳቸውን ገጥመው አንድ ዓይነት ኪውፒኤም ከዘሩ ጥራቱ መሐል ላይ ይጠበቃል። የቡሬው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቆሎን በኪሎ ብቻ ከመግዛት የሕፃናት ምግብ የሚያመርት ፋብሪካ አስገብቶ ለኪውፒኤም ለይቶ ቢከፍል ላይሲንን የሚመዝን ሚዛን ተገኘ ማለት ነው። ፋፋን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት አደባልቃ የሠራች አገር ይህ አያቅታትም።

የአዴት የምርምር ማዕከልም ሆነ ሌላው አዲስ ዘር ሲያጸድቅ «በሄክታር ስንት ኩንታል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ስንት ልጅ ያሳድጋል?» የሚለውን ማስቀመጥ አለበት። ባቄላውና ግብጦው ደግሞ ከኤክስቴንሽን ጥቅሉ ውጭ መጣላቸው ይብቃ። በቆሎው ቢሻሻልም ያለ እነሱ ግማሽ ነው።

የነባር ዘር ጉዳይም ከዚህ አይለይም። 660ን የወለደው የኢኳዶር ገበሬ ዘር ነው። ኪውፒኤምን ያጠነከረው የላቲን አሜሪካ ገበሬዎች ዘር ነው። በማሽላ ላይ ተመሳሳይ ሀብት ይዞ የተገኘው የወሎ ገበሬ ነው። በእያንዳንዱ ግኝት መጀመሪያ ላይ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ገበሬና አንዲት ባልትና አዋቂ እናት ቆመዋል። እነሱ ዘርን ሲመርጡ ቀምሰው ነበር፤ ኋላ የመጣው ባለሙያ መዝኖ ብቻ መረጠ።

የምዕራብ ጎጃም ማሳ ዛሬ በቁጥር ተሞልቷል፤ 660፣ 661፣ 540። ቁጥሮቹ ጎተራውን ሞልተዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ከነዚህ ቁጥሮች መሐል አንዱ፣ ልጇን ገንፎ የምታጎርስ የፈረስ ቤት ወይም የቡሬ እናት ከአፏ አውጥታ «ወተት በጉንጬ» ብላ የምትጠራው እስኪሆን ድረስ ግን ሥራው አላለቀም።